ከማፍረሳችሁ በፊት አንድ ቀን ስጡን

ግልጽ ደብዳቤ
ለከተማችን የቅርስ፣ የመሬትና የግንባታ ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች በሙሉ
አዲስ አበባ

ክቡራን ሆይ፦

የአክብሮት ሰላምታችን ይድረሳችሁ። እኛ የአዲስ አበባን አሮጌ ቤቶች በጥቁርና ነጭ ፊልም የምናነሳ ዘጠኝ ፎቶ አንሺዎች ነን። ማኅበር አይደለንም፤ ጽሕፈት ቤትም ማኅተምም የለንም። ሁለታችን ፎቶ ቤት ውስጥ ፊልም ስናጥብ ያረጀን ነን፤ አንዷ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት፤ አንዱ መምህር ነው፤ የቀሩትም በየፊናቸው እንጀራቸውን የሚያበስሉ ናቸው። እሑድ እሑድ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትከርር፣ ካሜራና ትራይፖድ ተሸክመን ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ከሠራተኛ ሰፈር እስከ ጉለሌ እንዞራለን።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈን አንድ የፈቃድ ወረቀት ነው። ቁጥርም ቀንም ማኅተምም አለው፤ ከሰባ ደረጃ ራስጌ ያለን አንድ አሮጌ ቤት ከውጭም ከውስጥም ፎቶ እንድናነሳ ይፈቅዳል። ወረቀቱ እጃችን የገባው ቤቱ በፈረሰ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።

ቤቱን ለማታውቁት እንንገራችሁ። ባለ አንድ ፎቅ ነበር። ምድር ቤቱ በድንጋይ የተገነባ፣ ፎቁ በእንጨትና በጭቃ የቆመ፣ በሦስት ወገን የጣውላ በረንዳ የዞረው ቤት ነው። ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር የተንጠለጠለው ጣውላ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የዚያ ጌጥ ጥላ ግድግዳው ላይ ይወርድና ግድግዳው ሁሉ ጥልፍ የለበሰ ይመስላል። ለማንሳት የፈለግነው ይህን ጥላ ነበር። ጥላው የሚታየው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ከፍ ትልና ይጠፋል። ይህን ያወቅነው ሦስት እሑድ መንገድ ዳር ቆመን ስለተመለከትን ነው።

ፈቃድ መጠየቅ የጀመርነው መጋቢት ላይ ነው። የመጀመሪያው ቢሮ "ከየትኛው ተቋም ነው የመጣችሁት?" አለን። ተቋም የለንም ስንል ደብዳቤ አምጡ ተባልን። ተማሪዋ ከትምህርት ክፍሏ አጻፈች። ሁለተኛው ቢሮ ቤቱ በቅርስ መዝገብ ስላልሰፈረ እኛን አይመለከተንም አለ። ሦስተኛው ቢሮ ቤቱ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከሁለተኛው ቢሮ ይዘን እንድንመጣ ነገረን። ሁለተኛው ቢሮ ላልመዘገበው ነገር ማስረጃ መስጠት እንደማይችል ገለጸልን። በዚህ መካከል ፋሲካ ገባ፣ ኃላፊው ስብሰባ ገቡ፣ ጸሐፊዋ ዓመት ፈቃድ ወጣች። ወረቀቱ ሲደርሰን እየሮጥን ሄድን። ያገኘነው ወደ በረንዳው ያስወጣ የነበረውን የድንጋይ ደረጃ ነው፤ አራት እርከን ቆሟል፣ ከዚያ በላይ ሰማይ ነው። እሱን አነሳነው። ከመንገድ ዳር ካነሳናቸው፣ ግማሹን አጥር ከሸፈነው ሁለት ፎቶ በቀር ከዚያ ቤት በእጃችን ያለው ይኸው ነው።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ልማትን ለመቃወም አልተነሳንም። ከመካከላችን ጣሪያው በሚያፈስ የቀበሌ ቤት ያደገ፣ አሥር አባወራ በአንድ ሽንት ቤት በሚጠቀምበት ግቢ ተራ ሲጠብቅ ትምህርት ቤት ያረፈደ አለ። የጭቃ ቤት ክረምት ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረን አያስፈልገንም። የትኛው ቤት ይቆይ፣ የትኛው ይፍረስ በሚለው ላይ የየራሳችን ሐሳብ አለን፤ ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለዚያ አይደለም። የምንጠይቀው አንድ ቤት እንዲፈርስ ከተወሰነ፣ ከመፍረሱ በፊት በደንብ ፎቶ እንዲነሳ ነው።

አራዳ እንዴት እንደተቆረቆረች ታውቃላችሁ። ከጊዮርጊስ አጠገብ ገበያ ቆመ፤ ገበያውን ተከትለው ህንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ዐረቦች ሱቅ ከፈቱ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል እንግዳ መቀበል ያዘ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ መርካቶ አዛወረው፤ ፒያሳ የሚለውን ስምም ጥሎልን ሄደ። የዚያ ዘመን ቤቶች አሠራር የብዙ አገር እጅ ያረፈበት ነው። ግንቡና ምርጊቱ የአገራችን ሰው ሥራ፣ ቆርቆሮው ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣ፣ በረንዳው፣ የመስኮት መዝጊያውና የጣውላው ጌጥ ደግሞ የህንድና የአርመን አናጢዎች ከየአገራቸው ይዘውት የመጡት ሙያ ነው። እነሱ ያስተማሯቸው የእኛ አናጢዎች ያንኑ ጌጥ በራሳቸው መንገድ እየለወጡት እስከ ሠራተኛ ሰፈር ድረስ አወረዱት። ጌጡ ከቤት ቤት ይለያል። አንዱ ጋ ቅጠል የሚመስለው ሌላው ጋ መስቀል ይሆናል፤ ሌላው ጋ ደግሞ ልክ እንደ ነጠላ ጥለት ነው። ይህን ልዩነት ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማየት ቤቶቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት ርቀትና በአንድ ዓይነት ብርሃን ማንሳት ያስፈልጋል። የጀመርነው ሥራ ይህ ነው።

የቀደሙትን ቤቶች ብዙዎቹን የምናውቃቸው በጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በአፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወረሱ። እነሱ የተጠሩት ንጉሥና መኳንንት ለማንሳት ነው። ከመኳንንቱ ጀርባ ግን ግድግዳ አለ፣ መስኮት አለ፣ የበረንዳ ምሰሶ አለ። የመቶ ዓመት ቤት እስከ ዛሬ የተረፈልን ከሰው ጀርባ ቆሞ ነው። ቤቱን ራሱን ፊት ለፊት፣ ለቤቱ ሲል ያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

የጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ሲጎዳ ብዙዎቻችን ያየነውን በቴሌቪዥን አየን። በዚያው ማታ ከመካከላችን አንዱ የድሮ ኔጌቲቮቹን፣ ፎቶ የሚታተምባቸውን የታጠቡ ፊልሞች፣ አውጥቶ ሲፈትሽ አደረ፤ የሆቴሉን የውስጥ ደረጃና የመስኮቶቹን ክፈፍ ያነሳበት ነበረው። የእንጨት ቤት በአንድ ጠዋት ሊሄድ እንደሚችል የገባን ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ነው በየሳምንቱ መውጣት የጀመርነው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ደግሞ የቀረንን ፊልም ሁሉ ይዘን ወጣን። ቅዳሜ በአንድ ወገን ያነሳነውን ቤት እሑድ በሌላ ወገን ልናነሳ ስንመለስ ያጣነው ጊዜ አለ። ግማሽ ቤት ያላቸው ኔጌቲቮች አሉን።

ለምን ጥቁርና ነጭ? በየቢሮው ተጠይቀናል። "ሞባይል እያለ ምን አደከማችሁ?" ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ እንመልሳለን። እያንዳንዳችሁ ቤት አልበም አለ። በደርግ ጊዜ የተነሱትን ባለቀለም ፎቶዎች አውጡና እዩአቸው፤ ሰማዩም ፊቱም ቀላ ብሏል፣ አንዳንዱም ደብዝዟል። ከእነሱ በሃያ ዓመት የሚበልጠው የአያታችሁ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን ዓይኑ ብሌን ውስጥ ያለችው የብርሃን ነጥብ ሳትቀር አለች። የቀለም ፎቶ ከማቅለሚያ የተሠራ ነው፤ ማቅለሚያ በጊዜ ይለቃል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከብር ቅንጣት የተሠራ ነው፤ ሃይፖው፣ ማለትም ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል፣ በደንብ ታጥቦ ከወጣለትና እርጥበት ካላገኘው ከልጅ ልጅ ይተላለፋል። የሞባይሉ ፎቶ ደግሞ ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሲበላሽ አብሮ ይሄዳል። እኛም በሞባይል እናነሳለን፤ መዝገብ ብለን የምናስቀምጠው ግን ፊልሙን ነው።

ሌላም ምክንያት አለን። አሮጌ ቤት ላይ የሃምሳ ዓመት ቀለም ተደራርቧል፤ የሱቅ ሰማያዊ፣ የማስታወቂያ ቀይ፣ የምርጫ ወረቀት ቅሪት። ዓይን እሱን ሲከተል ቤቱን አያይም። ቀለሙ ሲወጣለት ግን ምሰሶው፣ ማገሩ፣ ምርጊቱ ይወጣል። ከሠራተኛ ሰፈር አንድ ቤት ጠዋት ከጎን በሚመጣ ብርሃን ያነሳነው ግድግዳ አለ። አጥበን ስናሳትመው ጭቃው ውስጥ ያለው ጭድ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የመራጊው አራት ጣት ከቀኝ ወደ ግራ እየጠረገ የሄደበት መስመር ከላይ እስከ ታች ይታያል። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ መስመሩ ይጠብባል፤ ሌላ፣ ትንሽ እጅ ነው። ልጅ ትሁን ሴት አናውቅም። ሰፈሩ ውስጥ ዘመን የኖሩ ሰዎች ፎቶውን ስናሳያቸው እጁን በእጃቸው እየለኩ ብዙ ቆዩ። በዓይናቸው በየቀኑ ያልፉት የነበረ ግድግዳ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን መንገድ ላይ ስለሚደርስብን ነገር ነው። ባለፈው ጥር ከመካከላችን አንዱ ሕዝብ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ፊት ለፊት ትራይፖዱን ተክሎ ሳለ የግቢው ጥበቃ መጣና "ያነሳኸውን አጥፋ" አለው። የፊልም ካሜራ ነው፣ ማጥፊያ የለውም ብሎ አስረዳ። ጥበቃው አለቃውን ጠራ። አለቃው ካሜራውን ተቀብሎ አገላበጠውና ጀርባውን ከፈተው። ፊልሙ ብርሃን አየ። በዚያ ፊልም ላይ የዚያን ቀን የተነሳው ሦስት ብቻ ነበር፤ የቀሩት ሃያ ስድስቱ ከዚያ ቀደም ባሉት ሁለት እሑዶች ጉለሌ ውስጥ የተነሱ ናቸው። ከእነዚያ ቤቶች ሁለቱ ዛሬ የሉም። ጥበቃውን አንወቅስም፤ የታዘዘውን ያደረገ ሰው ነው። የምንወቅሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሕንፃ ማንሳት ይፈቀድ አይፈቀድ በጽሑፍ ያለማሳወቃችሁን ነው። አንዱ ቦታ የሚፈቀደው ሌላው ቦታ ያሳስራል፤ ጠዋት የተፈቀደው ከሰዓት ይከለከላል። ፊልም ደግሞ እዚህ እንደ ልብ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ኢልፎርድም ሆነ ኮዳክ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን በሻንጣቸው ጥግ ይዘው ሲመጡ ነው የምናገኘው።

ከሁሉ የከበደን ሦስተኛው ነው፤ በዚህ ላይ ብንረዝም ይቅርታ እንጠይቃለን።

ፒያሳ አካባቢ ብዙ ትውልድ ያነሳ አንድ ፎቶ ቤት ነበር። ባለቤቱ ጋሼ ካረፉ ቆይተዋል፤ ሱቁን ባለቤታቸው የጉርድ ፎቶ እያነሱ አቆይተውት ነበር። ቤቱን በጥቂት ቀን እንዲለቁ ሲነገራቸው ልጆቻቸው ውጭ አገር ነበሩ። ካሜራውን፣ መብራቱንና ወንበሩን ጎረቤት አወጣላቸው። የኋላው ጨለማ ክፍል ውስጥ የነበረውን ግን ማንም ዕቃ ብሎ አልቆጠረውም። በጫማ ካርቶንና በኒዶ ጣሳ የታጨቀ ኔጌቲቭ ነበር፤ ጋሼ በየካርቶኑ ላይ ዓመተ ምሕረቱን በእርሳስ ጽፈውበታል። እትዬ ከመካከላችን ወደ አንዱ የደወሉት ቤቱ መፍረስ ከጀመረ በኋላ ነው። "ልጄ፣ የጋሼህ ወረቀት ዝናብ እየመታው ነው" አሉት።

ስንደርስ ካርቶኖቹ ከፍርስራሹ ጋር ተገፍተው አንድ ጥግ ተከምረዋል። የሰፈር ልጆች ፊልሙን እየቆራረጡ ወደ ፀሐይ አንስተው ይመለከቱ ነበር። አንዱ ልጅ "ጥቁር ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ አየሁ" አለን። ኔጌቲቭ ላይ ነጩ ጥቁር መሆኑን ለልጁ አስረዳነውና ሙሽራዋን ሰጠን። ከዚያ ሁሉ ያተረፍነው ሁለት ካርቶንና አንድ ጣሳ ነው። ቤት ወስደን በንጹሕ ውኃ እያለቀለቅን ወጥ ቤት ውስጥ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልነው። አንዳንዱ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሲላቀቅ ምስሉ አብሮ ተነሳ። አንዳንዱ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል፤ ፊልም እንዲህ ሲሸት መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፤ አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል።

ሙሽራዋን አሳተምናት። ባለ ስምንት ማዕዘኑ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ቆማለች፤ ነፋስ ቬሏን አንስቶት ሚዜዋ በእጇ ትይዝላታለች። ከትከሻዋ በላይ አጥሩን ተሻግሮ አንድ ጎዳና ሙሉ ይታያል፤ የጣውላ በረንዳዎች፣ የሱቅ በሮች፣ አንድ በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ተሰጥቷል። ጋሼ ያነሱት ሙሽራዋን ነው። ከጀርባዋ ያለው ጎዳና ግን ዛሬ በየትኛውም ማዕዘን ቢቆም የማይነሳ ጎዳና ነው። በእነዚያ በጠፉት ካርቶኖች ውስጥ ስንት እንዲህ ያለ ጎዳና እንደነበረ የምናውቅበት መንገድ የለንም። ሌሎች የድሮ ፎቶ ቤቶች አሁንም አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ጓዳ ካርቶን አለ። ፎቶ ቤት ሲፈርስ ለካሳ የሚቆጠረው ግድግዳና ጣሪያ ነው። ኔጌቲቩን የሚጠይቅ የለም።

አራተኛ። በቅርቡ የድሮ አዲስ አበባ ፎቶዎች ተብለው በአንድ ዝግጅት ላይ በትልልቁ ታትመው ተሰቅለው አይተናል። ሐሳቡ ደስ ብሎናል፤ እዚያ ቆመው ያለቀሱ አዛውንት አይተናል። ነገር ግን ከፎቶዎቹ አንዱ ተገልብጦ ታትሟል። የሱቁን ጽሑፍ ላነበበ ሰው ፊደሉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ በግራ የነበረው በረንዳ በቀኝ ቆሟል። ኔጌቲቭ በተሳሳተ ገጹ ሲታተም እንዲህ ይሆናል፤ ፎቶ ቤት ያደገ ልጅ በአንድ እይታ ይለየዋል። ሌላው ፎቶ በቅርብ በዲጂታል የተነሳ ሆኖ ሳለ ቀለሙ ወጥቶለት "በንጉሡ ዘመን" ተብሎ ተጽፎበታል፤ ጣሪያው ላይ የሳተላይት ዲሽ አለ። የአንሺዎቹ ስም የትም አልተጻፈም። ስህተቱን በደብዳቤ አሳወቅን፤ መልስ የለም። ፎቶው ነገ መጽሐፍ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ከዚያ አንድ ባለሙያ በረንዳውን በተሳሳተ ወገን መልሶ ይሠራዋል።

አምስተኛው አጭር ነው። በየተቋሙ የተቀመጡ የድሮ ፎቶዎች ዝርዝር በሰው ስም እንጂ በቤትና በሰፈር ስም አልተሠራም። የአንድን ራስ ወይም ደጃዝማች ፎቶ መጠየቅ ይቻላል፤ የአንድን ጎዳና መጠየቅ አይቻልም።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው ብለን እናምናለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት የታሪክና የባህል ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፤ አንቀጽ 91 ደግሞ ታሪካዊ ቦታዎችንና ቅርሶችን መጠበቅ የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል። ግዴታችንን ልንወጣ ስንወጣ ካሜራችን እንዳይከፈት መጠየቃችን ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም አለ። ችግሩ ብዙዎቹ ቤቶች መዝገብ ላይ ያልሰፈሩ መሆናቸው ነው፤ ያልተመዘገበ ቤት ደግሞ ሲፈርስ የሚጠይቅለት ቢሮ እንደሌለ ከላይ በተናገርነው ቤት አይተናል።

የምንጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። ፓሪስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሮጌ ሰፈሮቿን ስታፈርስ የከተማዋ አስተዳደር ራሱ ሻርል ማርቪል የሚባለውን ፎቶ አንሺ አሠማርቶ ሊፈርሱ የተወሰነባቸውን ጎዳናዎች አስነስቷል፤ ከ400 በላይ ፎቶ ዛሬ አለ። የስኮትላንዷ ግላስጎው እ.ኤ.አ. በ1868 የተጨናነቁ አሮጌ ሰፈሮቿን ለማፍረስ ስትዘጋጅ ለፎቶ አንሺው ቶማስ አናን ተመሳሳይ ሥራ ሰጠች። ሁለቱም ከተሞች ማፍረሱን አልተዉም። ያፈረሱት አካላት ራሳቸው ፎቶ አንሺ ላኩ። እኛ ደመወዝ አንጠይቅም፤ ፊልሙንም ድካሙንም ራሳችን እንችላለን።

ስለዚህ፣ ክቡራን፣ ይህን እንጠይቃለን።

ዕድሜ ጠገብ ቤት እንዲፈርስ ሲወሰን፣ በቅርስነት ይመዝገብም አይመዝገብም፣ ከመፍረሱ በፊት ሙሉ አንድ ቀን፣ ከማለዳ እስከ ማታ፣ ለፎቶ ይተውልን። የቤቱ አቅጣጫ የተለያየ ስለሆነ የጠዋት ብርሃን የሚያስፈልገው አለ፣ የማታ የሚያስፈልገው አለ፤ ሁለት ሰዓት ቢሰጠን አይበቃንም። ቀኑ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ይነገረን። ነዋሪዎቹም ከመልቀቃቸው በፊት ቢሆን ይመረጣል። ሠራተኛ ሰፈር ውስጥ አንዲት እናት ቤቱን ልናነሳ ስንል "በሩን አንሱልኝ፤ ሙሽራ ሆኜ የገባሁበት፣ የባለቤቴ አስከሬን የወጣበት እሱ ነው" ብለውናል። የበሩ መቃን በእጅ ብዛት ለስልሶ ያበራል። ፎቶውን ወደ ኮንዶሚኒየም ከተዛወሩ በኋላ አደረስንላቸው። ባዶ ቤት ብናነሳ ኖሮ በሩን ማን ይነግረን ነበር?

ፈቃዱ በአንድ መስኮት ይለቅ። ለዓመት የሚያገለግል፣ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይሰጠን፤ በመታወቂያው ጀርባ የፊልም ካሜራ እንዳይከፈት ይጻፍበት። የማይነሱ ቦታዎች ካሉ ዝርዝራቸው ይሰጠን፤ እናከብረዋለን።

ፎቶ ቤት በልማት ምክንያት ሲነሳ ኔጌቲቩ እንደ ንብረት ተቆጥሮ ይረከብ። የሚያስፈልገው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። ዝናብ የማይገባበት፣ ፀሐይ የማይመታው፣ ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ አንድ ክፍል፣ መደርደሪያና ቁልፍ ይበቃል። ማጽዳቱንና መለየቱን ሁለቱ አረጋውያን የፎቶ ቤት ሰዎቻችን በነጻ ይሠራሉ፤ ወጣቶች ቢላኩላቸውም ያስተምራሉ። የቤተሰብ ፎቶ የቤተሰቡ ስለሆነ ያለባለቤቶቹ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይወጣ አብሮ ደንብ ይውጣለት። ሁለቱም አረጋውያን ሰባዎቹን ዓመታት የተሻገሩ ናቸውና ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ይልቅ ይቸኩላል።

የተገለበጠው ፎቶ ይስተካከል፤ ከእንግዲህ በአደባባይ የሚሰቀል የድሮ ፎቶ የአንሺው ስም፣ ቦታውና ዘመኑ ይጻፍበት፤ ከመታተሙ በፊትም አንድ የሚያውቅ ሰው ይየው። በየተቋሙ ያሉት ዝርዝሮችም በሰፈር ስም እንዲፈለጉ ተደርገው ይዘጋጁ።

በበኩላችን ከምናነሳው እያንዳንዱ ቤት አንድ የታተመ ፎቶና አንድ የስካን ቅጂ፣ ቀኑ፣ ሰፈሩና የተነሳበት አቅጣጫ ተጽፎበት ለምትመርጡት መዝገብ ቤት በነጻ እናስረክባለን። እስካሁን ያለንንም እንዲሁ። ይህን በጽሑፍ ለመፈረም ዝግጁ ነን።

መልሳችሁን በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይ ሲወጣ በግራ በኩል፣ የፎቁ መስኮት መዝጊያዎች አረንጓዴ የሆኑ አንድ ቤት ባለፈው ሳምንት በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ብርሃን ነው የሚሻው። ለእሱ ግን ሠላሳ ቀን ላይኖረው ይችላልና የሚቀጥለው እሑድ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በሩ ላይ እንገኛለን። እባካችሁ በሩን የሚከፍትልን ሰው ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር

የአዲስ አበባን አሮጌ ቤቶች በጥቁርና ነጭ ፊልም በሚያነሱ ዘጠኝ ፎቶ አንሺዎች ስም፣
የቀድሞ የፎቶ ቤት ሠራተኛና የአራዳ ተወላጅ